የጋሼ ጆሮ የመጨረሻ ፍተሻ

አዲሷ መሐንዲስ ከደንበኛ ተመልሳ የሙከራ ክፍሉን በር ከፍታ ስትገባ ጋሼ ጆሮ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ጭንቅላታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው አገኘቻቸው። ቀኝ ጆሯቸው ቀለሙ ግማሽ በግማሽ የተፋቀ አንድ አሮጌ ቫልቭ ላይ ተለጥፏል። ፈገግ አለች። ቫልቭ ሲያዳምጡ ማየት ለእሷ ብርቅ አልነበረም። እንዳትረብሻቸው ብላ በጫማዋ ጫፍ ተጠግታ ቆመች። ክፍሉ ጭጭ ብሏል። ወዲያው ራሷን አዞራት። እንዳትወድቅ ጠረጴዛውን ስትደገፍ እጇ እጃቸውን ነካ። እጃቸው ቀዝቅዟል።

ጩኸቷ መጋዘኑን አቋርጦ ቢሮ ድረስ ተሰማ።

ኩባንያው ለፋብሪካዎች ቫልቭ፣ የቧንቧ መክፈቻና መዝጊያ፣ እያስመጣ የሚሸጥ ነበር። ጋሼ ጆሮ ከሻጭ መሐንዲሶቹ ሁሉ አንጋፋው ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ድሮ በአንድ ፋብሪካ ግቢ ሲያልፉ ድንገት ቆም ብለው፣ «እዚያ ጥግ ያለችው ቫልቭ እየተነፈሰች ነው» በማለታቸውና ቫልቯም እንዳሉት በመገኘቷ ነው። አዲሷ ከተቀጠረች ወዲህ የናሙና ቦርሳ ተሸክማ ከኋላ ከኋላቸው ስትል ከርማለች። ሽያጭ የምላስ ሥራ ይመስላት ነበር። እሳቸው ግን ደንበኛ ፊት ሲቀርቡ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ዛሬ እንዳትሸጪ። ጠይቂ» ይሏታል። «በቧንቧው ውስጥ ምን ይሄዳል? ምን ያህል ይሞቃል? ቢፈነዳ አጠገቡ የሚቆመው ማነው? ይህችን የመጨረሻዋን የረሳ ሰው ቫልቭ ባይሸጥ ይሻለዋል።»

የተጠራው ሐኪም ብዙም አልቆየ። «ልብ ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜም አለ» ብሎ ሄደ። አብሮት የመጣው የፖሊስ ኢንስፔክተር ግን አልሄደም። አጭር፣ ሸበቶ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ከሹክሹክታ ብዙ የማይበልጥ ሰው ነበር። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ አዲሷን ወደ ሙከራ ክፍሉ መልሶ ጠራትና ወንበር ሳበላት።

«እህቴ፣ እኔም ለዚህ ሥራ አዲስ ነኝ» አላት። «ቫልቭ የማውቀው የቤቴን የውሃ መክፈቻ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያንጠባጥብ ያድራል። እንደ ሕፃን አስረጂኝ።»

አዲሷ አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «ቫልቭ ከመሸጡ በፊት እዚህ ይፈተናል። መጋዘኑ ውስጥ ካሉት ሲሊንደሮች ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ በቧንቧ ይመጣል። ቫልቩ በጋዙ ይሞላና ላዩን የሳሙና ውሃ ይቀባል። አረፋ ከሠራ ያስተነፍሳል ማለት ነው።»

«ማራገቢያውን ማን አጠፋው?»

«እሳቸው ናቸው። ነፋሱ አረፋውን ያደርቀዋል። ሲፈትኑ ሁልጊዜ ያጠፉታል፤ በሩንም ይዘጋሉ። እዚህ ቤት የማያውቅ የለም።»

«ጋዙ ይሸታል?»

«አይሸትም፤ ቀለምም የለውም። መርዝ የሚሉት ዓይነትም አይደለም። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው እሱ ነው።»

«ስለዚህ አይገድልም።»

«አይ . . .» አለችና ቆመች። «እንዲህ ያለ ጠባብ ክፍል ከሞላ ለደህናው አየር ቦታ አይተውም። ሰውዬው ሳይታወቀው እንቅልፍ እንደወሰደው ይሆናል።»

ኢንስፔክተሩ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ስገባ ራሴን አዞረኝ» አለች ቀስ ብላ። «ድንጋጤ መስሎኝ ነበር። ግን እኮ ያዞረኝ ከመደንገጤ በፊት ነው። ያኔ እየሣቅኩ ነበር።»

አብረው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ጠዋት አዲስ የተገጠሙት ሲሊንደሮች መለኪያቸው ባዶ ያሳያል። አንድ አሮጌ ቫልቭ ለመፈተን ከዚያ ሁሉ ጋዝ ጥቂቱ ይበቃል። ተመልሰው ቧንቧውን በዓይናቸው እየተከተሉ ጠረጴዛው ሥር ደረሱ። እዚያ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች።

«ይቺስ?»

«ሥራ ሲያልቅ የቀረውን ጋዝ የምታስወጣ ናት። በር ተከፍቶ፣ ማራገቢያ በርቶ ነው የምትከፈተው። እጀታዋ ከቧንቧው ጋር ከተጋደመ ክፍት፣ ቧንቧውን ከተሻገረ ዝግ ነው። ይኸው ተሻግሯል፤ ዝግ ናት።»

ይህን ብላ ልትነሣ ስትል ጋሼ ጆሮ በመጀመሪያው ሳምንት ያሏት ትዝ አላት። «እጀታውን አትመኚው፤ ሰው ፈትቶ የሚገጥመው ነገር ነው። እጀታው ሥር ያለውን ዘንግ እዪ፤ አናቱ ላይ የተጫረችው መስመር እውነቱን ትነግርሻለች።» መሬት ላይ ተንበርክካ በስልኳ መብራት የዘንጉን አናት አየችው። የተጫረችው መስመር ከቧንቧው ጋር ተጋድማለች።

«ክፍት ናት» አለች። «እጀታዋ ተፈትቶ ዞሮ ተገጥሟል። ብሎኑ ላይ ያለው ቀለም በቅርቡ የተሰነጠቀ ነው።»

ኢንስፔክተሩም አጠገቧ ተንበረከከና አየ። ሲነሣ ፊቱ ላይ የነበረው የዋህነት ጠፍቷል። «እንግዲያው ልብ አይደለም» አለ።

ሰዎቹን አንድ በአንድ ቢሮ ውስጥ አነጋገራቸው። አዲሷን «የቫልቭ ቋንቋ አስተርጓሚ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጣት።

መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ገባ። ተቀመጥ ሳይሉት ተቀመጠና ሰዓቱን አየ።

«ትናንት ከጋሼ ጆሮ ጋር ተጨቃጭቃችኋል አሉ» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ጭቅጭቅ እንኳ አይባልም። ከፋብሪካ ቆሻሻ ላይ አሮጌ ቫልቭ ለቅሞ በጆንያ ይዞ መጣ። ቆራሌው ሆንን እንዴ አልኩት። በቃ።»

«ዛሬስ አይተዋቸዋል?»

«በመስኮቱ አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሳሙና ይቀባል። ሁለት ሦስቴ ጠራሁት። ዝም! አኩርፎኝ ነው ብዬ አለፍኩ። ያ ጆሮ ያለው ሰው አልሰማሁም ቢል ማን ያምነዋል?»

«ዛሬ ይህችን ልጅ ወደ ደንበኛ የላኳት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። የተቀጠረችው ልትሸጥ አይደለም እንዴ?»

ቀጥሎ ሌላው ሻጭ መሐንዲስ ገባ። በጠራራ ፀሐይም፣ ዘይት በሚረጭ አውደ ጥናትም ከረባቱን ስለማይፈታ ስሙ ከረባት ነው። ከመቀመጡ በፊት መናገር ጀመረ።

«ጌታዬ፣ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ። የእሳቸውን ቦታ እመኝ ነበር። ግን ቦታቸውን እንጂ ሞታቸውን አይደለም።»

«ዛሬ ወደ ሙከራ ክፍሉ ቀርበው ነበር?»

ከረባት አፈረ። «በበሩ አልፌያለሁ፤ ግን ትንፋሼን ውጬ ነው ያለፍኩት። በስልክ እሳቸውን እያማሁ ነበር። ከሰሙኝ አለቀልኝ። ግድግዳ የማያግደው ጆሮ እኮ ነው!» ሰውዬው መሞታቸው ትዝ ሲለው ከረባቱን በሁለት እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ።

በመጨረሻ የመጋዘን ኃላፊው አባ ቁልፍ ገቡ። ወገባቸው ላይ የተንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ ከእሳቸው ቀድሞ ነው የሚገባው። ከጋሼ ጆሮ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አንድ ላይ ናቸው። በቅርቡ በአንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ፣ ውሃ ወደ እንፋሎት በሚፈላበት ቦይለር ቤት ውስጥ፣ የእንፋሎት ቫልቭ ፈንድቶ እዚያ የሚሠራ አንድ ልጃቸውን ገድሎባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ማንም ሲያለቅሱ አላያቸውም፤ ሲበሉም በጣም ጥቂት ሰው ነው ያያቸው።

ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። «ስለ ልጅዎ ሰምቻለሁ። እግዜር ያጽናዎት።»

«አሜን።»

«የፈነዳው ቫልቭ ከየት የተገዛ ነበር?»

«ከዚሁ ቤት» አሉ አባ ቁልፍ።

«ጋሼ ጆሮን ዛሬ አግኝተዋቸው ነበር?»

«ጠዋት ሲሊንደሩን ክፈትልኝ አለኝ፤ ከፈትኩለት። ሻይ ሰዓት ላይ ልጠራው ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው። መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረግኩለት። ቀና አላለም። ሥራ ይዞታል ብዬ ተመለስኩ።»

«የመብራቱ ማብሪያ ውጭ በኩል ነው?»

«ውጭ ነው።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አውልቆ ረዘም ላለ ጊዜ ጠረገው። «ጨርሻለሁ፤ አመሰግናለሁ» አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት አዲሷን ይዞ የሟቹ ቤት ሄደ። እትዬ፣ የጋሼ ጆሮ ሚስት፣ ከሰው መሀል ተነሥተው ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቧቸው። አልጋው ጫፍ ላይ የባላቸው ሹራብ ታጥፎ ተቀምጧል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ጋዝ በቧንቧ ሲወጣ ያፏጫል። ባለቤትዎ ደግሞ በጆሯቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ከእግራቸው ሥር ሲያፏጭባቸው እንዴት ሳይሰሙ ቀሩ?»

እትዬ ሹራቡን አንሥተው ታቀፉት። አዲሷን አዩ፤ መልሰው ሹራቡን አዩ።

«ጆሮው ከሄደ ቆይቷል» አሉ። «አንዱ ቀደም ብሎ፣ ሌላው ባለፈው ክረምት። ከንፈር እያየ ነበር የሚያወራው። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኛል። ጋሼ ጆሮ እየተባለ የኖረ ሰው ደነቆርኩ ብሎ በምን አፉ ያውራ?» ወደ አዲሷ ዞሩ። «ሥራውን ሊለቅ ቆርጦ ነበር። አንቺ ስትመጪ ነው ሐሳቡን የቀየረው። ልጅቷ ጥሩ ጆሮ አላት፣ ትንሽ አብሬያት ልቆይ አለኝ።»

አዲሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። የሄዱበት ፋብሪካ ሁሉ መጣባት። ቫልቭ አጠገብ ያቆሟትና ፊት ለፊቷ ቆመው አፏን እያዩ፣ «እስኪ ምን ሰማሽ?» ይሏታል። ፈተና መስሏት እየተርበተበተች ትመልሳለች። «ከታች በኩል ትንሽ ያፏጫል፣ ጋሼ።» ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ልክ ነሽ» ይሏታል። አንድም ቀን ተሳስተሻል ብለዋት አያውቁም። መልሱን ያውቁታል ብላ ነበር የምትፈራቸው። እሳቸው ግን መልሱን የሚያገኙት ከእሷ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማራገቢያው ይዞራል። ሥራ አስኪያጁ መስኮቱ ጋ፣ ከረባት በሩ ጋ፣ አባ ቁልፍ ግድግዳው ጋ ቆሙ። እትዬ የባላቸው ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆንላቸው ስላለ አዲሷ ሌላ አመጣችላቸው። አሮጌው ቫልቭ እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጋሼ ጆሮን የገደላቸው ልብ አይደለም» ብሎ ጀመረ ኢንስፔክተሩ። «ጋዝ ነው። የአስከሬን መርማሪውም ዛሬ ልባቸው ጤነኛ እንደነበር ነግሮኛል። ይህች ልጅ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ከመደንገጧ በፊት ራሷን አዙሯታል። የሞሉት ሲሊንደሮችም ባዶ ሆነው ተገኝተዋል። ጋዙ የወጣው በዚህች በጠረጴዛው ሥር ባለችው ቫልቭ ነው። ስትታይ ዝግ ናት፤ እውነቱ ግን ክፍት ናት። አንድ ሰው እጀታዋን ፈትቶ አዙሮ ገጥሟታል። ሲሊንደሩ ሲከፈት ጋዙ በቀጥታ እዚህ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ጎንበስ ብሎ ያያትም ሰው ዝግ ናት ብሎ ይተዋታል።»

«ይህንንማ እዚህ ቤት ያለ ሁሉ ሊሠራው ይችላል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ልክ ነው። እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነበር። ግን ይህን ያሰበ ሰው አንድ ነገር ያሰጋዋል። ጋዙ ያፏጫል። ጋሼ ጆሮ ደግሞ ግድግዳ የማያግደው ጆሮ አላቸው ይባላል። ገና ፉጨቱ ሲጀምር ሰምተው ይዘጉታል። ታዲያ ገዳዩ ይህን እንዴት አልፈራም? አልፈራም፤ ምክንያቱም እንደማይሰሙ ያውቅ ነበር።»

እትዬ አንገታቸውን ደፉ። ከረባት አፉን ከፍቶ ቀረ። «አይሰሙም? ጋሼ ጆሮ?»

«ይኸው፣ እርስዎ አሁን ነው የሰሙት። በበሩ ሲያልፉ እንዳይሰሙዎት ትንፋሽዎን ውጠዋል። ሥራ አስኪያጁም ጠርተው መልስ ሲያጡ አኩርፎኝ ነው ብለው አለፉ። ደንቆሮ መሆናቸውን ቢያውቁ ከጀርባቸው ሆነው ባልጠሩ ነበር። ይህች ልጅም እስከ ዛሬ ጠዋት አታውቅም።» ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። «አንድ ሰው ብቻ ጋሼ ጆሮን ሊጠራ ሲመጣ ስማቸውን አልጠራም። በሩንም አላንኳኳም። መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገላቸው። ሰው እንዲህ የሚጠራው የማይሰማን ሰው ነው።»

ማንም አልዞረም፤ ግን ስለ ማን እንደሚያወራ ሁሉም ገባው። የቁልፉ ዘለላ ሲንቀጠቀጥ ይሰማ ነበር።

«አልነገረኝም» አሉ አባ ቁልፍ። «እኔም አውቃለሁ አላልኩትም። ሳስለው ዞሮ ማየት ሲተው ገባኝ። እንዳያፍር ብዬ ፊት ለፊቱ እየተቀመጥኩ ቀስ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። መብራቱንም ያለመድኩት ለእሱ ብዬ ነው።»

«ለምን ታዲያ?» አሉ እትዬ። «ለምን?»

«ልጄን ገደለው!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ያንን ቫልቭ የመረጠው እሱ ነው ተባልኩ። ከቀብሩ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ስለ ልጄ አፉን አልከፈተልኝም። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ያን የፈነዳ ቫልቭ በጆንያ ደብቆ ሲያስገባ አየሁት። ሊያጠፋው ነው አልኩ። የልጄን ደም አጥቦ ሊደብቀው ነው አልኩ። እሱ ወጥቶ እስኪሄድ ጠብቄ እጀታዋን ፈታሁ።»

«ማን ነው እሳቸው ናቸው የመረጡት ያለዎት?»

አባ ቁልፍ ጣታቸውን ወደ ሥራ አስኪያጁ ቀሰሩ።

ኢንስፔክተሩ አዲሷን አያት። አዲሷ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ቫልቩን አዙራ የተፋቀውን ጎን አሳየቻቸው።

«ጋሼ ይህን የፈነዳ ቫልቭ በጋዝ የሞሉት ስንጥቁን ለማግኘት ነው፤ የፋቁትም ሊያጠፉት አይደለም» አለች። «ከቀለሙ ሥር ያለውን ለማየት ነው። ከላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ለእንፋሎት የሚሆን ጠንካራ ብረት ነው ይላል። ከሥሩ አካሉ ላይ የተቀረጸው ምልክት ግን ሌላ ነው። ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሆን ተሰባሪ ብረት ነው። ጋሼ ለማቅለሚያ ፋብሪካው ያዘዙት ጠንካራውን ነበር፤ አብሬያቸው ነበርኩ፣ በአፋቸው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አንድ ሰው ርካሹን ቀለም ቀብቶ የሌላ ቫልቭ ሰሌዳ ለጥፎበታል።»

«ዕቃው ዘግይቶ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ደንበኛው ሊሄድብን ነው። ለጊዜው ነው ብዬ . . . ትክክለኛው ሲመጣ ልቀይረው ነበር። ይፈነዳል ብዬ አላሰብኩም። ከዚያማ አንዴ ከሆነ በኋላ ምን ልበል?»

«"ጋሼ ጆሮ ነው" አሉ» አለ ኢንስፔክተሩ።

አባ ቁልፍ ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። በሩ ጋ የቆመው ፖሊስ ሊይዛቸው ሲል ኢንስፔክተሩ ተዋቸው አለው። የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እኔ ነኝ መኪና ላይ የጫንኩት» አሉ። «ሰሌዳውን አንብቤ፣ ጥሩ ነው ብዬ፣ በእጄ።» ዞረው አዲሷን አዩ። «ለምን አልነገረኝም? አብሮኝ እየበላ ለምን አልነገረኝም?»

አዲሷ ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «እርግጡን ሳያውቁ ሊነግሩዎት አልፈለጉም መሰለኝ» አለች። «ሲያረጋግጡ ሊመጡልዎት ነበር።»

እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። ሁሉም የሚጮሁባቸው መስሎት ነበር። እሳቸው ግን አባ ቁልፍ ፊት ቆመው፣ «ልጅህ ሲሞት ሌሊቱን ሙሉ አልቅሶለታል» አሏቸውና ወጡ። ያኔ አባ ቁልፍ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ያልወጣላቸው ልቅሶ ያን ጊዜ ወጣላቸው፤ የወጣው ግን ለማን እንደሆነ ራሳቸውም የሚያውቁት አይመስልም።

ሁለቱ ሰዎች በሁለት መኪና ሲወሰዱ አዲሷ ሥራ አስኪያጁን በመኪናው መስኮት በኩል ጠየቀችው።

«ቀለም የተቀባው አንድ ብቻ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ጉልበቱን ያያል።

«ይንገሩኝ፤ አንድ ብቻ ነው ወይ?»

«አይደለም» አለ። «ሌሎችም ገብተዋል። እዚያው ቦይለር ቤት።»

ከረባት መኪናውን አስነሥቶ አዲሷን ይዞ ወጣ። ማቅለሚያ ፋብሪካው ሲደርሱ የጭስ ማውጫው ይጨሳል፤ እንፋሎቱ ሥራ ላይ ነው። የቦይለር ቤቱ ኃላፊ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቅንድባቸው በእሳት የሳሳ ሰው ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን አወዛወዙ።

«እሳቱን አጥፋ ነው የምትዪኝ? ምርቱ ይቆማል እኮ። ማን አዞሽ ነው?»

«ማንም አላዘዘኝም» አለች። «እኔው ነኝ የምለምንዎት። ያ የፈነዳው ቫልቭ ወንድሞች አሉት። አንዱ ከራስዎ በላይ ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩ። አዲሷ የቧንቧ መሰላሉ ላይ ወጥታ ከቫልቩ አካል ላይ በቁልፍ ጫፍ ትንሽ ቀለም ፋቀችና አሳየቻቸው። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ እሳቱ ጠፋ፤ መለኪያው እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። ሠራተኞቹ ፊታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ግቢው ወጡ። አንዱ ሲጋራ ለኮሰ፤ ሌላው ድንጋይ ላይ ተጋደመ።

ከረባት ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከቶ ቫልቮቹን የሚያወርዱትን ሰዎች ያግዛል። አዲሷ ወደ በሩ ስትሄድ ሽማግሌው ከኋላዋ ተጣሩ።

«ልጄ! የዚያ የሞተው ልጅ አባት እናንተ ጋ ነው የሚሠሩት አሉ። ታውቂያቸዋለሽ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«ልጃቸው ወርቅ ነበር። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ይወደው ነበር በያቸው። ቫልቮቹም ወልቀዋል በያቸው። ምናልባት ትንሽ ይቀልላቸው ይሆናል።»

አዲሷ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«እሺ» አለች። «እነግራቸዋለሁ።»